ፅንስ ከተጨናገፈ በኋላ የማህፀን ቅርጽ ችግር ሲገኝ፦ ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ ሕክምና ምርጫ ምን ማድረግ ይገባል?

ይህ መመሪያ የተጻፈው አንድ ችግር በተደጋጋሚ ስለሚታይ ነው። ፅንስ የሚጨናገፍባቸው እናቶች ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ጊዜ ሲደርስባቸው ወደ ስፔሻሊስት ይሄዳሉ፤ ያለፈውን የሚያስረዳ አንድም ወረቀት ግን በእጃቸው የለም። በአንድ አልትራሳውንድ ብቻ «ማህፀንሽ ሁለት ነው» ይባሉና አንዳንዶቹ ደንግጠው ሕክምናውን ጭራሽ ይተዋሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ምን እንደሚደረግላቸው በውል ሳይረዱ ለቀዶ ሕክምና ይፈርማሉ። ሁለቱም መንገዶች ጉዳት አላቸው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ለምትኖር እናት የተዘጋጀ ነው፤ የሐኪምን ምርመራ አይተካም፣ ነገር ግን ከሐኪም ፊት ተዘጋጅተው እንዲቀርቡ ያግዛል።

ደረጃ 1፦ በመጀመሪያ የደሙን ሁኔታ ይለዩ

በእርግዝና ወቅት የታየ ደም ሁሉ ፅንሱ ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ያም ሆኖ ማንኛውም ደም መታየት አለበት። ከሚከተሉት አንዱ ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይቆዩ ይሂዱ፦

- በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሞዴስ የሚያርስ ደም ለሁለት ተከታታይ ሰዓት ከቀጠለ፣
- ማዞር፣ ዓይን መጨለም፣ ራስን መሳት ወይም የልብ ምት መፍጠን ካለ፣
- ትኩሳትዎ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ፈሳሹ ከሸተተ፣
- ሆድዎን በአንድ ጎን አጥብቆ ካመመዎት ወይም ሕመሙ ወደ ትከሻ ከወጣ። ይህ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ምልክት ሊሆን ይችላል።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። በገጠር ቀበሌ ከሆኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ያስጠሩ። አምቡላንስ ከዘገየ በባጃጅም ቢሆን ይንቀሳቀሱ፤ ብቻዎን ግን አይሂዱ።

ማስጠንቀቂያ። ሆድዎን አያሳሹ፤ «የቀረውን ያወርዳል» ተብሎ የሚሰጥ የቅጠል ጭማቂ አይጠጡ፤ ከመድኃኒት ቤት በራስዎ ፈቃድ ኪኒን ገዝተው አይዋጡ። ደሙ ቆሟል ብለውም አይቅሩ፤ የደም መቆም ብቻውን ማህፀኑ ባዶ መሆኑን አያረጋግጥም፣ የቀረ ነገር ከሳምንት በኋላ ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል።

አንዳንድ እናቶች «ሆን ብላ ነው ያስወረደችው» እንዳይባሉ ፈርተው ቤት ውስጥ ይቀራሉ። ፅንስ ከወረደ በኋላ የሚሰጠው ሕክምና ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ለማንኛዋም ሴት የሚሰጥ ነው። የሆነውን፣ የወሰዱትም ነገር ካለ የወሰዱትን፣ ሳይደብቁ ይናገሩ፤ የሐኪሙ ውሳኔ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

ደረጃ 2፦ ማህፀኑ በምን መንገድ እንደሚጸዳ ይጠይቁ

በእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት ሦስት መንገዶች አሉ፦ በክትትል ሥር ሆኖ በራሱ እስኪወጣ መጠበቅ፣ በመድኃኒት እንዲወጣ ማድረግ፣ ወይም በመሳቢያ መሣሪያ ማጽዳት። ደምዎ ብዙ ካልሆነና ትኩሳት ከሌለዎት ሦስቱም ሊቀርቡልዎ ይችላሉ። መጠበቅን ከመረጡ የቀጠሮ ቀን ሳይያዝልዎ አይውጡ።

በሕዝቡ ዘንድ «መጠረግ» የሚባለው ነገር በሁለት ዓይነት መሣሪያ ይሠራል፤ በመሳቢያ እና በስለታም ብረት በመፋቅ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው መሳቢያውን ወይም መድኃኒቱን ነው። ይህ ልዩነት ለዚህ መመሪያ አንባቢ በጣም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በብረት መፋቅ የማህፀንን የውስጥ ሽፋን ሊያቆስልና ግድግዳዎቹ እርስ በርስ እንዲጣበቁ ሊያደርግ ይችላል፣ መጣበቁም ራሱ ለሌላ መጨናገፍና መካንነት ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ «በምን መሣሪያ ነው የሚሠራልኝ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፣ መብት ነው።

የደም ዓይነትዎን ያስመርምሩ። አርኤች ኔጌቲቭ ከሆኑ (ከደም ዓይነትዎ ጎን የመቀነስ ምልክት ካለ) ሰውነትዎ ቀጣዩን ፅንስ እንዳያጠቃ የሚሰጠው፣ አንቲ ዲ የሚባለው መርፌ ያስፈልግዎ እንደሆነ ወዲያውኑ ይጠይቁ፤ የሚያስፈልግ ከሆነ የሚሰጠው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። መርፌው በተቋሙ ከሌለ ቤተሰብ በከተማው መድኃኒት ቤቶች እንዲፈልግ በዚያው ቀን ያሰማሩ።

ደረጃ 3፦ ከጤና ተቋሙ ሳይወጡ ወረቀት ይያዙ

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በሐዘንና በድካም ውስጥ ወረቀት መጠየቅ ከባድ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ይህን ሥራ ለባለቤትዎ ወይም ለእህትዎ ይስጡ። ሊጻፍ የሚገባው የሚከተለው ነው፦

1. ፅንሱ ስንት ሳምንት እንደነበረ፣ ይህም በመጨረሻው የወር አበባ ወይም በአልትራሳውንድ መቆጠሩ፤
2. የልብ ምት ታይቶ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ፤
3. የተሰጠው ሕክምና፣ የመሣሪያው ወይም የመድኃኒቱ ዓይነት፤
4. የደም ዓይነትና የሄሞግሎቢን መጠን፤
5. ሐኪሙ በማህፀኑ ላይ ያስተዋለው ያልተለመደ ነገር ካለ፣ ያንን።

የአልትራሳውንድ ማሽን የሚያትመው ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በካርዱ ላይ በእጅ የሚጻፈው ቀን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው የስምንት ሳምንት ፅንስ የሌላ ወር ሆኖ የሚቀርብበት ጊዜ አለ። በእያንዳንዱ ወረቀት ጥግ ላይ ሁለቱንም ቀኖች ይጻፉ። ከዚያም በስልክ ፎቶ ያንሱና ዋናዎቹን በአንድ ክላሰር ውስጥ ያስቀምጡ፤ የአልትራሳውንድ ወረቀት ሙቀትና ብርሃን ሲያገኘው ስለሚደበዝዝ ፎቶው በኋላ ዋናው ማስረጃ ይሆናል።

*ወረቀቱ ከጠፋ* ወደ ተቋሙ ካርድ ክፍል ሙሉ ስምዎን እስከ አያት፣ የተቻለውን ያህል ቀኑንና የካርድ ቁጥሩን ይዘው ይሂዱና ማጠቃለያ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። ካርዱ ካልተገኘ የሚያስታውሱትን በቅደም ተከተል ራስዎ ይጻፉ፤ ከምንም ይሻላል።

የተጨናገፈው ለሁለተኛ ጊዜ ከሆነ ከማህፀን የወጣው ናሙና ለፓቶሎጂ (በላቦራቶሪ ለሚደረግ የሥጋ) ምርመራ መላክ ይችል እንደሆነ ከሂደቱ በፊት ይጠይቁ። ከተጣለ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም።

ደረጃ 4፦ ለሰውነትም ለሐዘንም ጊዜ ይስጡ

የወር አበባ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይመለሳል። ከዚያ በፊትም ማርገዝ ይቻላል፤ ስለዚህ ምርመራው እስኪያልቅ መጠበቅ ከፈለጉ ከሆስፒታሉ ሳይወጡ ስለ እርግዝና መከላከያ ይነጋገሩ። ደሙ እስኪቆም ድረስ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ይቆጠቡ፣ በብልት በኩል የሚገባ ነገርም አይጠቀሙ።

ራስዎን አይክሰሱ። የቡና ጆንያ ስላነሱ፣ ከባለቤትዎ ጋር ስለተጣሉ ወይም ደንግጠው ስለነበር አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚጨናገፉት ፅንሶች ግማሽ ያህሉ ምክንያታቸው በፅንሱ ክሮሞዞም ላይ በአጋጣሚ የሚፈጠር ችግር ሲሆን፣ እናትየዋ ልትከለክለው የምትችለው አልነበረም።

ጎረቤት ሊጠይቅ ይመጣል፤ «ገና ልጅ እኮ አልሆነም ነበር»፣ «ሌላ ይሰጥሻል» ይባላል። ተናጋሪው ሊያጽናና ፈልጎ ነው፤ የሚሰማት እናት ግን ያጣችውን እንደ ምንም የተቆጠረባት ያህል ያማታል። ስለዚህ አንድ ሰው ይምረጡና፣ እህትም ትሁን አማት፣ ለሌሎቹ እሷ ትንገርልዎ። ለጥቂት ሳምንታት የቡና ጥሪን፣ በተለይም የአራስ ጥየቃን ቢያልፉ አይወቀሱም፤ ቅርብ ጓደኛዎ ምክንያቱን ካወቀች ይበቃል። ስለ ፅንሱ ቀብርና ጸሎት ጥያቄ ካለዎት የንስሐ አባትዎን ወይም የመስጊዱን ሼኽ በቀጥታ ይጠይቁ፤ በሰው በሰው የሚሰማው ነገር ያለ ምክንያት ያስጨንቃል።

ለባል፦ እርስዎም አዝነዋል፤ ዝም ማለትዎን ግን ባለቤትዎ እንደ ግድ የለሽነት ልትቆጥረው ትችላለች። ቀጠሮ ላይ አብረው ይግቡ፣ ክላሰሩን ይያዙ፣ ቤተሰብ «ሌላ አግባ» ወይም «ቶሎ ይደገም» ብሎ ሲጫን «ምርመራው ሳያልቅ አንወስንም» ብለው መልስ የሚሰጡት እርስዎ ይሁኑ። ይህን መልስ ከእሷ አፍ አይጠብቁ።

ማስጠንቀቂያ። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መተው፣ ከአልጋ አለመነሣት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል መሄድ ያስፈልጋል፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይህ አገልግሎት አለው። የመሞት ሐሳብ ከመጣ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ይሂዱ፣ ብቻዎንም አይደሩ።

ደረጃ 5፦ የማህፀኑን ቅርጽ በትክክል ያስለዩ

ሙሉ ምርመራ የሚጀመረው ብዙውን ጊዜ ከሁለት መጨናገፍ በኋላ ነው፤ ከሦስት ወር ያለፈ ፅንስ ከጠፋ ግን ከአንዱም በኋላ ሐኪምዎን ይጠይቁ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካለዎት ከጤና ጣቢያዎ ይጀምሩና የሪፈር ወረቀት ይያዙ፤ ወረቀቱ ሳይኖር በቀጥታ ሆስፒታል ቢሄዱ ወጪውን ራስዎ ሊሸፍኑ ይችላሉ።

*አልትራሳውንድ።* በሆድ ላይ ከሚደረገው ይልቅ በብልት በኩል የሚደረገው የማህፀንን ውስጥ በተሻለ ያሳያል። ለቅርጽ ምርመራ ከወር አበባ ዑደት ሁለተኛው አጋማሽ ይመረጣል፤ ያን ጊዜ ሽፋኑ ስለሚወፍር ቅርጹ ጎልቶ ይታያል።

*ኤችኤስጂ።* ቀለም በማህፀን በር ገብቶ የሚነሣ ራጅ ነው። የሚደረገው ደም ከቆመ በኋላና እንቁላል ከመውጣቱ በፊት፣ ማለትም ከወር አበባው የመጀመሪያ ቀን ተቆጥሮ ከ6ኛው እስከ 10ኛው ቀን ገደማ ነው። ከወር አበባው ጀምሮ እስከ ምርመራው ቀን ግንኙነት አያድርጉ። የሚሸት ፈሳሽ ወይም ለአዮዲን አለርጂ ካለዎት አስቀድመው ይናገሩ። የቁርጠት ሕመም ስላለው ከአንድ ሰዓት በፊት የሚወሰድ ማስታገሻ ሐኪሙ እንዲያዝልዎ ይጠይቁ። ቀኑ ካለፈብዎ ወደሚቀጥለው ወር ያሻግሩት፤ «ግድ የለም» ብለው ዘግይተው አያድርጉ።

ፊልሙን ወደ መስኮት ብርሃን ቢይዙት ጤናማ ማህፀን ጫፉ ወደ ታች የሆነ ነጭ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይታያል፤ ችግር ካለ ነጩ ከላይ ለሁለት ይከፈላል። ነገር ግን ፊልሙ የሚያሳየው ቀለሙ የሞላውን ውስጡን ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ሆኖ በመሃል የቆመ ግድግዳ የሚያይ ሰው ጣሪያው አንድ ይሁን ሁለት ማወቅ እንደማይችል ሁሉ፣ ይህ ራጅም የማህፀኑን ውጫዊ ቅርጽ አይናገርም። ከውጭ አንድ ሆኖ በውስጡ ግድግዳ ያለው ማህፀን (ሴፕተም) እና ከላይ ከውጭም ጭምር የተከፈለው ባለ ሁለት ቀንድ ማህፀን በዚህ ፊልም ላይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። በውጤቱ ላይ «ወይ ይህ ወይ ያ» ተብሎ ከተጻፈ ምርመራው አላለቀም ማለት ነው።

*ልዩነቱን የሚያረጋግጡት* ባለ ሦስት ገጽታ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ናቸው፤ ካልሆነም በማህፀን በር በሚገባ ካሜራ (ሂስትሮስኮፒ) ውስጡን፣ በሆድ በሚገባ ካሜራ (ላፓሮስኮፒ) ውጩን ማየት ነው።

*ኩላሊትዎንም በአልትራሳውንድ ያስዩ።* ማህፀንና የሽንት አካላት በፅንስነት ዘመን ጎን ለጎን ስለሚያድጉ፣ ማህፀኗ በተፈጥሮ የተለየ የሆነ ሴት አንድ ኩላሊት ብቻ ሊኖራት ይችላል። ይህን ማስታወስ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

የቅርጽ ችግር መገኘቱ ብቻውን የመጨናገፉ ምክንያት እሱ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ የታይሮይድ፣ የስኳር፣ የቂጥኝ እና ፀረ ፎስፎሊፒድ የተባሉት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ) ፀረ እንግዳ አካላት ምርመራ አብሮ ይደረግ። የፀረ ፎስፎሊፒዱ ውጤት አዎንታዊ ከሆነ ከ12 ሳምንት በኋላ ተደግሞ ካልተረጋገጠ አይጸናም።

*ችግር ሲያጋጥም፦* ኤችኤስጂው «ቱቦ ተዘግቷል» (እንቁላል ወደ ማህፀን የሚያልፍበት ቱቦ) ካለ አይደንግጡ፤ ቱቦው በምርመራው ሕመም ምክንያት ተኮማትሮም ሊሆን ይችላል። ሁለት ውጤቶች ከተጋጩ ሦስተኛ ቦታ ሄደው ተመሳሳይ ምርመራ አይድገሙ፤ ሁለቱንም ወረቀቶችና ፊልሞች ይዘው አንድ የጽንስና ማህፀን ስፔሻሊስት ፊት ይቅረቡ።

ደረጃ 6፦ ምርጫውን እንደ ችግሩ ዓይነት ያመዛዝኑ

*በውስጥ ግድግዳ ያለው ማህፀን (ሴፕተም)።* ሕክምናው ሆድ ሳይከፈት በሂስትሮስኮፒ ግድግዳውን መቁረጥ ነው። ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት ቢቆይም ጥቅሙ እስካሁን ያከራክራል። በ2021 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ፣ በተለያዩ አገሮች በሚኖሩ 80 ሴቶች ላይ በዕጣ የተደረገ ጥናት፣ ከተቆረጠላቸው 31 በመቶ፣ በክትትል ብቻ ከቆዩት ደግሞ 35 በመቶ በሕይወት ያለ ልጅ እንደወለዱ አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ በመሆኑ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ብዙ ሐኪሞችም በተደጋጋሚ ለተጨናገፈባት ሴት አሁንም ቀዶ ሕክምናውን ያቀርባሉ። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ሁለትና ከዚያ በላይ ፅንስ ያጣችና ሌላ ምክንያት ያልተገኘላት እናት ስለ ቀዶ ሕክምናው በጥሞና ብትወያይ ይገባል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ለደረሰባት ወይም በአጋጣሚ ለታየባት ግን የሚያስቸኩል ነገር የለም።

*ባለ ሁለት ቀንድ ማህፀን።* ሁለቱን ቀንዶች በቀዶ ሕክምና ማጋጠም ዛሬ በጥቅሉ አይመከርም። የሚያስፈልገው በእርግዝና ወቅት የማህፀን በር ርዝመትን እየለኩ መከታተልና በሩ ቀድሞ ካጠረ ማሰር ነው። በዚህ ስም ሆድ እንዲከፈት ከተባለ ሁለተኛ ሐኪም ሳያማክሩ አይፈርሙ።

*ሁለት ሙሉ ማህፀን።* አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና አይጠይቅም።

*ባለ አንድ ቀንድ ማህፀን።* ጎኑ ላይ ያልዳበረ ሌላ ቀንድ መኖሩና የውስጥ ክፍተት ያለው መሆኑ ይጣራ፤ በዚያ ውስጥ ፅንስ ከተፈጠረ ሊፈነዳና ለሕይወት ሊያሰጋ ስለሚችል ቀንዱን ማውጣት ይመከራል።

*ማዮማ (በማህፀን ላይ የሚበቅል ካንሰር ያልሆነ እብጠት)።* መጠኑ ብቻ ሳይሆን ቦታው ይጠየቅ። ወደ ማህፀን ክፍተት የገባው ከመጨናገፍ ጋር ይያያዛል፤ በውጩ ገጽ ላይ ያለው ግን ብዙም አይደለም። ሆድ ተከፍቶ ከወጣ ማህፀኑ እስኪድን ለጥቂት ወራት፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር፣ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ መውለዱም በቀዶ ሕክምና ሊሆን ይችላል።

*የማህፀን መጣበቅ።* ከማጽዳት በኋላ የወር አበባ በጣም ካነሰ ወይም ከቀረ ይህን ይጠርጥሩ። ሕክምናው በሂስትሮስኮፒ ማላቀቅ ነው፤ ተመልሶ ሊጣበቅ ስለሚችል የክትትል ቀጠሮ አይለፍዎ።

ደረጃ 7፦ ከመፈረምዎ በፊት ጠይቀው መልሱን ይጻፉ

1. የችግሩ ትክክለኛ ስም ምንድን ነው? በየትኛው ምርመራ ተረጋገጠ?
2. ባይሠራልኝ ምን ሊሆን ይችላል?
3. ማህፀን መበሳት፣ ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን ቢያጋጥም እዚሁ ይታከማል?
4. መሣሪያው እዚህ አለ ወይስ ሪፈር እጻፋለሁ?
5. ከዚያ በኋላ ስንት ወር እጠብቃለሁ? መውለጃዬስ በምን መንገድ ይሆናል?

ሪፈሩ ወደ አዲስ አበባ ከሆነ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ከመጓዝዎ በፊት መሣሪያው እየሠራ መሆኑንና ቀጠሮ መያዙን በስልክ ያረጋግጡ። የሂስትሮስኮፒ ቀጠሮ የወር አበባ ባለቀ ሰሞን ስለሚመረጥ የጉዞውን ቀን በዚያ ይወስኑ። ከቀዶ ሕክምና በወጡበት ዕለት ወደ ጅማ አይሳፈሩ፤ በጊቤ በረሃ ቁልቁለት ላይ ደም ቢበረታ የሚረዳ ሰው በቅርብ አይገኝም። ቢያንስ አንድ ሌሊት ከተማው ውስጥ ያሳልፉና ደሙ እየቀነሰ፣ ትኩሳትም አለመኖሩን አይተው ይነሡ።

ደረጃ 8፦ ቀጣዩን እርግዝና አስቀድመው ያዘጋጁ

ከማርገዝዎ አንድ ወር በፊት በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ይጀምሩ። ጫት ይተዉ። ቡናን በቀን ወደ ሁለት ትንንሽ ሲኒ ያውርዱ፤ ለጅማ ሰው ይህ ከባድ ነው፣ ቢሆንም አቦልና ቶናን ጠጥቶ በረካውን ማለፍ ይቻላል። በቆላማው የዞኑ ወረዳ የሚኖሩ ከሆነ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ውስጥ ይተኙ፤ ወባ ራሱ ፅንስ ያጨናግፋል።

የወር አበባዎ እንደቀረ ይመርመሩና ከ6 እስከ 7 ሳምንት ባለው ጊዜ የመጀመሪያውን አልትራሳውንድ ይነሡ፤ ፅንሱ በየትኛው የማህፀን ክፍል እንደተቀመጠ ሐኪሙ በካርዱ ላይ እንዲጽፍ ይጠይቁ። ከዚያም ክላሰሩን ለሐኪሙ አሳይተው ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ የማህፀን በር ርዝመት መለካት ያስፈልግ እንደሆነ ያስወስኑ። የቅርጽ ችግር ባለበት ማህፀን ውስጥ ሕፃኑ በቂጥ ወይም በአግድም የመቀመጥ ዕድሉ ስለሚጨምርና ምጥም ከጊዜው ቀድሞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ከከተማ ርቀው የሚኖሩ ከሆነ ከሰባተኛው ወር ጀምሮ በሆስፒታል አቅራቢያ የሚያርፉበትን ዘመድ ቤት ወይም በጤና ጣቢያዎች የሚገኘውን የእናቶች ማቆያ ያመቻቹ። ደም፣ ውሃ ወይም በየጊዜው እየተመላለሰ የሚያጠነክር የሆድ ቁርጠት ከታየ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ክላሰሩን ይዘው በዚያው ሰዓት ይሂዱ።